አሮጌውን ሶፍትዌር ማን ይጠግነዋል?

ባለፈው ሰሞን በኮምፒዩተር ክፍላችን በር ላይ አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከእጩ መምህራን አንዱ፣ «ይኸ ዴስክቶፕ እኮ የ2002 መልክ ነው ያለው። ዓለም ወደፊት ሲሄድ እኛ ለምን አሮጌ ላይ ተቀምጠን እንቀራለን?» አለ። ሌላይቱ ደግሞ፣ «ምን ጎደለብህ? ይከፈታል፣ ይጻፍበታል፣ ይዘጋል» ብላ መለሰችለት። ደወል ሲደወል ክርክሩ ተቋረጠ እንጂ አልተቋጨም። እኛም ከዚያ ወዲህ ነገሩን ስናነብና ስንጠይቅ ከረምን። የተረዳነው ነገር ቢኖር ሁለቱም ተከራካሪዎች አንድ ጉዳይ መዘንጋታቸውን ነው። ይኸውም አሮጌ ሶፍትዌር ዝም ብሎ ቢተዉት እንደነበረ አይቆይም፤ ሳያቋርጥ የሚጠግነው ሰው ያስፈልገዋል። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ጥገና ነው።

በቅድሚያ ስለምን እንደምንናገር እንስማማ። ዴስክቶፕ ስንል ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ማሽን ማለታችን አይደለም። ማሽኑ ሲከፈት የምናየውን ገጽ፣ መስኮቶቹን፣ ከላይና ከታች ያለውን ሰቅ፣ ፋይሎቻችንን የምናገላብጥበትን ሣጥን የሚያስተዳድረውን የፕሮግራሞች ስብስብ ማለታችን ነው። ክፍት ምንጭ የሚባለው ደግሞ የተጻፈበት ኮድ ለማንም ክፍት የሆነ፣ ማንም ሰው ሊያነበው፣ ሊለውጠውና የለወጠውንም ለሌላ ሊያከፋፍለው የሚፈቀድለት ሶፍትዌር ነው። በክፍላችን ማሽኖች ላይ ያለው ሊኑክስም ዴስክቶፑም ከዚህ ወገን ናቸው።

በሊኑክስ ዓለም በሰፊው ከታወቁት ዴስክቶፖች አንዱ ግኖም ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ሚጌል ደ ኢካሳና ፌዴሪኮ ሜና በሚባሉ ሁለት የሜክሲኮ ወጣቶች ተጀመረ። ሁለተኛው ትውልድ ግኖም 2.0 በጁን 2002 ወጣ። ከላይ አንድ ሰቅ፣ ከታች አንድ ሰቅ፣ በግራ ጥግ ሦስት ምናሌዎች፤ በቃ ይኸው ነበር። ለዘጠኝ ዓመት ያህል በየስድስት ወሩ እየተሻሻለ ሲሄድ መሠረታዊ መልኩ ግን አልተለወጠም። ብዙ ሰው እጁ ለመደው። እጅ የለመደ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ኪቦርድ ሳያይ የሚጽፍ ሰው ያውቀዋል።

በአፕሪል 2011 ግኖም 3.0 ወጣ። ምናሌዎቹ ጠፉ፤ የታችኛው ሰቅ ጠፋ፤ መስኮትን ዝቅ ማድረጊያው ቁልፍ እንኳ ከመስኮቱ ራስ ላይ ተነሣ። ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አዲሱ ገጽ በሙሉ መልኩ ለመሥራት ጠንካራ የግራፊክስ ካርድ ይፈልግ ነበር። ለደካማ ማሽኖች አሮጌውን የሚመስል መጠባበቂያ ገጽ ተቀምጦላቸው ነበር፤ እርሱም በ2013 ከወጣው ግኖም 3.8 ጀምሮ ቀረ። የሊኑክስ መሥራች ሊኑስ ቶርቫልድስ ራሱ በ2011 በአደባባይ ተማርሮ ኤክስኤፍሲኢ ወደሚባለው ሌላ ዴስክቶፕ ሄደ። (ኋላ ተመልሷል፤ ስለዚህ የእርሱን ስም ለክርክር የሚጠቅስ ሰው እስከ መጨረሻው ይጥቀስ።) የግኖም ሠሪዎች ለምን እንደዚያ እንዳደረጉ ምክንያት አልነበራቸውም አንልም። አሮጌው ኮድ ከብዷቸው ነበር፣ አዲስ ሐሳብም ነበራቸው። ነገር ግን የእነርሱ ምክንያት የሌላውን ሰው የዘጠኝ ዓመት ልማድ አይመልስም።

ዝግ በሆነ ሶፍትዌር እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ተጠቃሚው ምርጫ የለውም። ባለቤቱ በሩን ከዘጋ ተዘጋ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ሲያበቃ በደህና ጊዜ የተገዙ፣ ምንም ያልሆኑ ስንት ማሽኖች ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር ሳይችሉ ቀሩ። በክፍት ምንጭ ግን ኮዱ በእጅ ነው። አሮጌውን ወስዶ መቀጠል ይቻላል፤ ማንንም ማስፈቀድ አያሻም። ግን መብት ያለው ሁሉ ሥራውን ይሠራዋል ማለት አይደለም። «ግኖም 2 ይመለስልን» ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ኮዱን ከፍቶ የተቀመጠው ጥቂት ነው።

ከጥቂቶቹ አንዱ አርጀንቲና ውስጥ የነበረ አንድ የሊኑክስ ተጠቃሚ ነው። በዚያው በ2011 የግኖም 2ን ኮድ ወስዶ ማቴ የሚባል ዴስክቶፕ ጀመረ። ማቴ በደቡብ አሜሪካ እንደ ሻይ እየተፈላ የሚጠጣ ቅጠል ስም ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሊኑክስ ሚንት የተባለው ስርጭት ከነግድፈቱ ተቀበለው፤ በኋላ ኡቡንቱና ዴቢያንም አስገቡት። ዛሬ በክፍላችን የምንጠቀምበት እርሱን ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ምን ነበር ቢባል፣ ስም መለወጥ! እኛ ይህን ስናነብ ሳቅን። ስም መለወጥ ምኑ ነው ሥራ የሚባለው? ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ግኖም 3ም ግኖም 2ም ፕሮግራሞቻቸውን በአንድ ስም ነው የሚጠሩት። በአንድ ማሽን ላይ ሁለቱን ለመጫን ቢሞከር አንዱ የሌላውን ፋይል ይደመስሰዋል፤ ቅንብሮቻቸውም ይደባለቃሉ። በአንድ ክፍል ሁለት አበበ ከበደ ቢኖሩ የስም ጥሪው መዝገብ ምን እንደሚሆን አስቡት። ስለዚህ በብዙ ሺህ የኮድ መስመሮች ውስጥ ግኖም የሚለው ቃል እየተለቀመ በማቴ ተተካ። ፕሮግራሞቹም በስፓኝ ቋንቋ አዲስ ስም ወጣላቸው። ፋይል ማገላበጫው ኖቲለስ መባሉ ቀርቶ ካኻ፣ ማለትም ሣጥን ተባለ። ጽሑፍ ማረሚያው ጌዲት ፕሉማ፣ ማለትም ብዕር ሆነ። ሰነድ ማንበቢያው ኤቪንስ አትሪል ተባለ፤ ትርጉሙ አትሮንስ ነው። መስኮቶችን የሚይዘው ሜታሲቲ ደግሞ ማርኮ፣ ክፈፍ ማለት ነው። እንግዲህ አንዳንድ እጩ መምህራን «ይኸ አትሪል የሚባለው ምንድን ነው?» እያሉ ሲጠይቁን ለነበረው መልሱ ይህ ነው።

ከስም ቀጥሎ ከባዱ ነገር መጣ። ፕሮግራም ብቻውን አይቆምም። ቁልፎችን፣ ምናሌዎችን፣ ፊደላትን የሚስልበት የጋራ ኮድ አለ፤ ላይብረሪ ይባላል። ግኖም 2 የቆመው ጂቲኬ 2 በሚባል ላይብረሪ ላይ ነው። ግኖም 3 ግን ጂቲኬ 3ን ይዞ መጣ። ዓለም ወደ ጂቲኬ 3 ሲሸጋገር የአሮጌው ጠጋኞች እየቀነሱ ሄዱ፤ በመጨረሻም ዲሴምበር 2020 ላይ ጂቲኬ 4 ሲወጣ የጂቲኬ 2 ዘመን በይፋ አበቃ። ማቴዎች ይህ እንደሚመጣ ቀደም ብለው ስላወቁ ቤቱን ሳያፈርሱ፣ ሰዎቹም ሳይወጡ መሠረቱን መለወጥ ጀመሩ። አንዱን ፕሮግራም ወደ ጂቲኬ 3 ያሻግራሉ፤ መልኩ እንደ ድሮው መሆኑን ያያሉ፤ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ሥራው ተጠናቆ ጂቲኬ 2 ሙሉ በሙሉ የተወገደው በማርች 2017 በወጣው ማቴ 1.18 ነው። ከመነሻው ስድስት ዓመት ገደማ ማለት ነው። የዚህ ሥራ አስገራሚነቱ፣ በደንብ ከተሠራ ማንም አያስተውለውም። ተጠቃሚው አንድ ቀን ማሽኑን ይከፍታል፣ ሁሉም ነገር ትናንት በነበረበት ቦታ ነው፤ ምንም የተሠራ አይመስለውም። ፓይተን 2 የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በጃንዋሪ 2020 ድጋፉ ሲያበቃም እንዲሁ በእርሱ የተጻፉት ክፍሎች ወደ ፓይተን 3 ተሻገሩ።

ሌላ መንገድም አለ። ኬዲኢ የሚባለው ሁለተኛው ትልቅ ዴስክቶፕ በጃንዋሪ 2008 አራተኛ ትውልዱን ሲያወጣ ተመሳሳይ ቅሬታ ተነሥቶ ነበር፤ የመጀመሪያው እትም ገና ያልበሰለ ነበርና። አሮጌውን ኬዲኢ 3.5 የወደዱ ሰዎች በ2010 ትሪኒቲ በሚል ስም ቀጠሉት። እነርሱ ግን መሠረቱን አልለወጡም። ዴስክቶፑ የቆመበትን ኪውቲ 3 የተባለ ላይብረሪ፣ ባለቤቶቹ ትተውት ሳለ፣ ራሳቸው ወስደው መጠገን ያዙ። እስካሁንም ይጠግኑታል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? በእኛ አስተያየት የማቴ ይሻላል። ትሪኒቲ ቤቱን ብቻ ሳይሆን ከቤቱ ሥር ያለውን መሬት ጭምር ተሸክሟልና ሸክሙ በየዓመቱ ይከብዳል። ነገር ግን የኬዲኢ 3.5 ወዳጆች በዚህ እንደማይስማሙ እናውቃለን፤ የማይስማማ ካለ ጽፎ አጠገባችን ይለጥፍ።

አሁን ወደ አደገኛው ክፍል እንምጣ። የሰው ኮድ ወስዶ የቀጠለ ሰው ከኮዱ ጋር ስሕተቱንም ይወርሳል። ለምሳሌ ያህል በ2017 በኤቪንስ ላይ አንድ የደኅንነት ቀዳዳ ተገኘ። በሥዕል የሚነገሩ ታሪኮች የሚታሸጉበት አንድ ዓይነት ፋይል አለ። ተንኮለኛ ሰው እንዲህ ያለ ፋይል አዘጋጅቶ ቢልክና ተቀባዩ ቢከፍተው፣ ፋይሉ በማሽኑ ላይ የፈለገውን ትእዛዝ ማስፈጸም ይችል ነበር። አትሪል ደግሞ የኤቪንስ ልጅ ነው፤ ቀዳዳው በእርሱም ላይ ነበር። የማቴ ሰዎች የወላጁን ዜና ባይከታተሉ ኖሮ ግኖም ቀዳዳውን ሲደፍን የእኛ አትሮንስ ክፍት ይቀር ነበር። ደፈኑት። ግን በጃንዋሪ 2024 እዚያው የአትሪል ክፍል ላይ፣ ያንኑ ዓይነት ፋይል በሚከፍተው ኮድ ውስጥ፣ ሌላ ቀዳዳ ይፋ ሆነና እንደገና ተደፈነ። «አይነካም፣ አይለወጥም፣ እንደነበረ ይቆያል» የሚባል ፕሮግራም እንኳ በሰባት ዓመት ውስጥ በአንድ ጥግ ብቻ ሁለት ጊዜ ተከፈተ ማለት ነው።

እስከ አሁን የተናገርነው አሮጌውን ይዘው ራሱን የቻለ ሥራ አድርገው ስለቀጠሉት ነው። ዴቢያን የተባለው ስርጭት ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው። ከ1993 ጀምሮ ያለ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ነው። በሁለት ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ የተረጋጋ እትም ያወጣል። እትሙ ከወጣ በኋላ በውስጡ ያሉት ፕሮግራሞች የእትም ቁጥራቸው በአብዛኛው አይንቀሳቀስም፤ አዲስ ነገር አይጨመርባቸውም። ስሕተት ሲገኝ አዲሱን ፕሮግራም እንዳለ አያመጡም። ከአዲሱ ውስጥ ስሕተቱን ያረመችውን ቁራጭ ብቻ ቆርጠው በአሮጌው ላይ ይጥፏታል። እናቶቻችን የተቀደደ ሱሪ ላይ እራፊ እንደሚጥፉት ነው። ሱሪው ያው ሱሪ ነው፤ ቀዳዳው ግን የለም።

ይህን የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ በአፕሪል 2014 ዓለምን ያስደነገጠው ሃርትብሊድ ነው። ኦፕንኤስኤስኤል የሚባለው፣ በኢንተርኔት የሚተላለፍ መልእክትን የሚቆልፈው ላይብረሪ ቀዳዳ ተገኘበት፤ ከሩቅ ሆኖ የሰርቨሩን ማኅደረ ትውስታ በጥቂት በጥቂቱ ማንበብ ይቻል ነበር። ባለቤቶቹ 1.0.1ጂ በተባለው እትም አረሙት። በጊዜው የተረጋጋው ዴቢያን 7 ይዞ የነበረው 1.0.1ኢ ነው። ዴቢያኖች ወደ ጂ አልዘለሉም። በኢ ላይ እራፊዋን ጣፉና ከቁጥሩ ኋላ የራሳቸውን ትንሽ ምልክት ጨመሩ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው «ኧረ ይኸ ማሽን እስካሁን ክፍት ነው!» ብሎ ይጮኻል፤ ማሽኑ ግን ተደፍኗል። የሚገርመው ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረው ዴቢያን 6 ጭራሽ አልተነካም። ቀዳዳው በ2012 በአዲስ አገልግሎት ስም የገባ ነበርና የዴቢያን 6 አሮጌ ኦፕንኤስኤስኤል አገልግሎቱም ቀዳዳውም አልነበረውም።

ይህን ሰምቶ «እንግዲያው አሮጌ ሁልጊዜ ደኅና ነው» ለሚል ወንድማችን ግን ሌላኛውን ታሪክም እንንገረው። በ2006 አንድ የዴቢያን ጠጋኝ በዚሁ በኦፕንኤስኤስኤል ኮድ ውስጥ አንድ የመፈተሻ መሣሪያ ያጉረመረመበትን መስመር አየ። ስሕተት ስለመሰለው አወጣው። መስመሩ ግን የምስጢር ቁልፍ የሚሠራበትን የዕጣ ቁጥር የሚያዋህድ ነበር። ከዚያ በኋላ በዴቢያንና ከእርሱ በተወለዱት ስርጭቶች ላይ የተሠራ ቁልፍ ሁሉ፣ ለአንድ ዓይነትና መጠን ቁልፍ፣ ከ32,768 የማይበልጥ አማራጭ ብቻ ቀረለት። ይህ ቁጥር ለሰው ብዙ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ቆጥሮ ለመጨረስ አይከብደውም። እስከ ሜይ 2008 ድረስ፣ ሁለት ዓመት ገደማ፣ ማንም አላወቀም ነበር። እራፊ ሲጣፍ መርፌው ወዴት እንደሚሄድ ማየት ያስፈልጋል። ጠጋኙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሰው ኮድ የሚያጸዳ መስሎት ነው።

የእትም ጉዳይ መምህርን ምን አገባው የሚል ካለ፣ ባለፈው መንፈቅ በማስተማር ልምምድ ላይ የደረሰብንን እንናገር። ከመካከላችን ሦስታችን ስለ ሰንጠረዥ አሠራር ትምህርት ልንሰጥ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሄድን። ማስታወሻችንን ያዘጋጀነው በክፍላችን ባለው ሊብሬኦፊስ ነው። «ከላይ ሦስተኛውን ምናሌ ክፈቱ» ብለን ጀመርን። በዚያ ያሉት ማሽኖች አዲስ እትም ነበራቸው፤ ገጹም በሌላ መልክ የተቀናበረ ነበር። ሦስተኛው ምናሌ ሌላ ነገር ነው። ልጆቹ እኛን ያያሉ፣ እኛ ስክሪኑን እናያለን። ከ40 ደቂቃው 25ቱ ምናሌ ፍለጋ ሄደ። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ቀድመን ሄደን ማየት ነበረብን። መምህራችን ከኋላ ተቀምጠው ሲጽፉ የነበረውን ገጽ አሁንም ስናስታውስ ያልበናል። ግን አንድ ነገር ገባን፤ መምህር በአንድ ሶፍትዌር ላይ የሚያዘጋጀው ማስታወሻ ከሶፍትዌሩ ጋር ያረጃል። ሊብሬኦፊስ ራሱ ይህን አስቦ ለብዙ ዓመታት ሁለት እትም ጎን ለጎን ሲያወጣ ኖሯል፤ አንዱ አዲስ ነገር ለሚፈልጉ፣ ሌላው ቀደም ብሎ ወጥቶ ስሕተቱ ለተለቀመለት። ለትምህርት ቤት ሁለተኛውን እንመርጣለን።

ስለዚህ ወደ ክፍላችን በር ክርክር እንመለስ። ያሉን 18 ማሽኖች ናቸው። አብዛኞቹ 2 ጊጋባይት ራም አላቸው። ሁሉም ዴቢያን 12ን ከማቴ 1.26 ጋር ይሠራሉ። ዴቢያን 12 የወጣው በጁን 2023 ነው፤ ከነተጨማሪው የረጅም ጊዜ ድጋፍ እስከ ጁን 2028 እራፊ ይደርሰዋል። ይህን የመጨረሻውን ሁለት ዓመት የሚሠሩት በአብዛኛው ድርጅቶች ከሚያዋጡት ገንዘብ የሚከፈላቸው ሰዎች ናቸው፤ በነጻ የሚመጣ አይምሰለን። 14ቱ ማሽኖች 64 ቢት ስለሆኑ ጊዜው ሲደርስ ወደ ቀጣዩ ሊሻገሩ ይችላሉ። የቀሩት 4 ግን 32 ቢት ናቸው። በኦገስት 2025 የወጣው ዴቢያን 13 በእንዲህ ያሉት ላይ መጫን አቁሟል፤ ለእነርሱ 12 የመጨረሻቸው ነው። የኮምፒዩተር ክፍሉን የሚጠብቁልን ጋሼ ይህን ስንነግራቸው ወደ አራቱ ማሽኖች አይተው፣ «እነዚህ እኮ ስንት ሰው ያስተማሩ ናቸው» አሉን። በእኛ በኩል አራቱ ከኢንተርኔት ተለይተው ለጽሑፍ ልምምድ ብቻ እንዲውሉ ሐሳብ አቅርበናል።

የቀሩትን 14 በሚመለከት የእኛ አቋም ይቆዩ ነው። ሆኖም እራፊው ዴቢያን ዘንድ መዘጋጀቱ ብቻ ማሽኑን አይደፍነውም፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ማውረድና መጫን አለበት። ባለፈው ዓመት ይህን የሚያደርግ አልነበረም። ስናይ አንዳንዱ ማሽን ለ11 ወር አንድም እራፊ አልደረሰውም ነበር። እኛ «የተረጋጋ ነው» እያልን የተኩራራንበት ማሽን ማለት ነው! አሁን በየሐሙሱ ከሰዓት በኋላ፣ ኔትወርክ ሲኖር፣ ሁለት ሁለት ሆነን እንሠራለን። በአንድ ማሽን ላይ የወረደውን ፋይል ለሌሎቹ በክፍሉ ውስጥ በተዘረጋው ገመድ እናካፍላለን፤ አለዚያ ያለን ኢንተርኔት አይበቃም። የተሠራውን በአንድ ደብተር እንመዘግባለን፦ ቀን፣ የማሽን ቁጥር፣ ምን ተጫነ፣ ማን ሠራ።

ይህን የምንጽፈው እኛ በሰኔ እንመረቃለን። ከመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች እስካሁን አንድ ሰው ብቻ ነው ስሙን ያስመዘገበው፤ በሐሙስ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሊኑክስ ማወቅ ግዴታ አይደለም፤ ትእዛዞቹ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በአማርኛ ተብራርተዋል። ደብተሩ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ በሲባጎ ተንጠልጥሏል። ባለፈው ሐሙስ በ11 ቁጥር ማሽን አንጻር የተጻፈው «ግማሽ ላይ መብራት ሄደ፤ ይደገም» ይላል። እስካሁን አልተደገመም።